ለሻድራክ የተሰጠ ድምፅ

ኔስታ በዚያ ቤት ውሃን እንደ መድኃኒት ነበር የምትሰፍረው። የፒትስበርግ ወንዝ የፋብሪካውን ዝቃጭ ሁሉ ተሸክሞ ስለሚወርድ፣ ከኮረብታው ሥር ካለው ቧንቧ የተቀዳው ውሃ መጀመሪያ በርሜል ውስጥ ያድራል፤ ጭቃው ሲዘቅጥ ከላይ የጠለለው በጨርቅ ይጣራል፤ ከዚያ ይፈላል፤ ከዚያ ይጠጣል። ለእጅና ለፊት በረዶ አለ፤ ደጅ ወጥቶ ማፈስ ነው። ባሏ ጎመር ፕሮሰር ባለፈው ሳምንት በተጣራው ውሃ ማንኪያ ቢያለቀልቅ አንድ ምሽት ሙሉ አኩርፋዋለች። በምርጫው ቀን ጠዋት ግን አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ የፈላ ውሃ አነሳችና፣ ጢሙን ይላጭበት ብላ ለታላቅ ወንድሟ ለሻድራክ ሰጠችው። ጎመር ዳቦውን እያኘከ አየ። በዚያ ቤት ከአምና ወዲህ ምንም አለማለት ልማድ ሆኗል።

ሻድራክ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ቀስ ብሎ ተላጨ። ጥቁሩን ካፖርት ለብሷል፤ አምና በመከር የጎመርና የኔስታ ልጅ ኦልወን ስትቀበር የለበሰውን። ልጅቱን የወሰዳት ከቆሸሸው ውሃ የሚመጣው ተስቦ ነው፤ ያን ዓመት በኮረብታው ላይ ሬሳ ያልወጣበት ቤት የለም። ሐኪሙ መጥቶ አያት፣ በርሜሉን አየ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። ሻድራክ ያን ጊዜ ከፋብሪካው ከተባረረ ሰንብቷል። የተሳተፈበት የሠራተኞች አድማ ሲከሽፍ ስሙ በየፋብሪካው በር ስለተነገረበት፣ የሚቀጥረው ጠፍቶ፣ በእህቱ ማእድ ቤት ከምድጃው ጀርባ እየተኛ የጎረቤት ጫማ ይጠግን ነበር። ከቀብሩ ሲመለስ መዶሻውን አስቀመጠና ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። ከወንዙ ራስጌ፣ ከፋብሪካዎቹ በላይ ንጹሕ ውሃ አለ፤ ቧንቧ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ቧንቧውን ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ካላዘዘ ማንም አይዘረጋውም እያለ ዞረ። የፋብሪካው ጌቶች ግብር ይጨመርብናል ብለው አይፈልጉትም። እንግዲህ ሠራተኞቹ ተሰብስበው ከመካከላችን ማን ይግባ ሲባባሉ ሁሉም ወደ ሻድራክ ዞረ፤ ሻድራክም እሺ አለ። ሞኝ ነው ያሉት ነበሩ።

ተላጭቶ ሲጨርስ ወደ ጠረጴዛው መጣና ከጎመር ዳቦ አጠገብ አንዲት የታጠፈች ነጭ ወረቀት አስቀመጠ።

«ይቺን ያዛት» አለው።

«እይዛታለሁ።»

«ካቦው የሚያስቸግርህ ከሆነ...»

«እይዛታለሁ አልኩህ እኮ።»

«አሁን ይሄም ይጠየቃል?» አለች ኔስታ ወንድሟን፣ ጀርባዋን ሳታዞር። «የኦልወን አባት ነው እኮ።»

ጎመር ወረቀቷን በውስጥ ኪሱ ከተታት። በዚያ አገር ያን ጊዜ መንግሥት የምርጫ ወረቀት አያትምም፤ እያንዳንዱ ወገን የየራሱን ሰው ስም አትሞ ያድላል። የሠራተኞቹ ነጭ ነው። የፋብሪካው ጌቶች የሚደግፉት የሥጋ ነጋዴው የዴንቢ ወረቀት ደግሞ ብጫ፣ ያውም ከመንገድ ማዶ የሚታይ ብጫ ነው። መራጩ የፈለገውን ይዞ ሄዶ፣ ሰው ሁሉ እያየው ለአስመራጮቹ ያቀብላል። ማን ለማን እንደሰጠ ለማወቅ ዓይን ያለው ሰው ይበቃል።

ከኮረብታው በእንጨት ደረጃው ሲወርድ ጎመር ልቡ ቆርጦ ነበር ማለት ይቻላል። ነጯን እሰጣለሁ ብሎ ነው የወጣው። በጭሱ ምክንያት የጠዋት ፀሐይ የማይታይበት ከተማ ስለሆነ የመንገዱ መብራቶች ገና አልጠፉም፤ የየካቲት በረዶም ወድቆ ሳያበቃ ጠቁሯል። እሱና ሻድራክ ከዌልስ በአንድ መርከብ መጥተው፣ በአንድ እቶን ላይ ዓመታት አብረው ቆመዋል። አንዱ የቀለጠውን ብረት በረዥሙ ዘንግ ሲያማስል ሌላው ላቡን ይጠርጋል፤ ደግሞ ይቀያየራሉ። ጎመር አንድ ቀን አዙሮት እቶኑ አፍ ላይ ሊደፋ ሲል በቀበቶው ጎትቶ ያስቀረው ሻድራክ ነው። እህቱንም የሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰዎች «ከእሳት ያወጣውን ሰው ወደ እሳት መለሰው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ካቦ ሂግስ በፋብሪካው በር ላይ፣ ብጫውን እሽግ በብብቱ ይዞ፣ ሲጋራውን በጥርሱ ነክሶ ቆሟል።

«ጎመር! የምክር ቤቱ አባል ደህና አደሩ?»

ጎመር ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የሚስቴ ወንድም ነው እንግዲህ ካቦ፣ ምን ላድርገው?»

«እኔ ምን አደረግከው አልኩህ? ቤትህ ነው፣ ማዕድህ ነው፤ ያሻህን አብላ።» ሂግስ አንድ ብጫ ወረቀት መዞ አቀበለው። «የናንተ እቶን ቅዳሜ እንደሚጠፋ ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በአዲሱ ክፍል አንድ ሁለት ቦታ አለኝ። ወረቀት ቀጥ አድርጎ መያዝ ለሚችል ሰው።»

«ይገባኛል፣ ካቦ።»

«እንደሚገባህማ አውቃለሁ። አንተ ባለቤት ያለህ ሰው ነህ።»

አዲሱ ክፍል የሚሉት ከግቢው ማዶ ያለውን አዳራሽ ነው። እዚያ የቆመው ትልቅ ጋን መሳይ ዕቃ አየር እየተነፋበት፣ እነ ጎመር ቀኑን ሙሉ አማስለው የማያደርሱትን ብረት ቁርስ ተበልቶ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ አረብ ብረት አድርጎ ይተፋዋል። ለዚያ ዕቃ የእጅ ጥበብ አያስፈልገውም፣ ሰውም ብዙ አያስፈልገውም። ስለዚህ እቶኖቹ አንድ በአንድ እየጠፉ ነው፤ ሰዎቹም ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይሄዳሉ፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። ጎመር ሌላ ሥራ አያውቅም። ከዚህ ከወጣ ደግሞ የሻድራክ አማች ነውና የሌላው ፋብሪካ በር አይከፈትለትም። ቤቱ የፋብሪካው ነው፤ ሥራ የለቀቀ ቤቱን ይለቃል። ኔስታን በዚህ በረዶ ይዟት የት ይገባል? ይህን ሁሉ ዘንጉን እያዞረ አሰበ፤ እቶኑም ፊቱን እየገረፈው ሐሳቡን እንኳ አላስጨረሰውም።

ከአጠገቡ እቶን ላይ ያለው ኢድወል ዳቦ ሊበሉ ሲቀመጡ አፉን እየጠረገ፣ «ምርጫው ሬሳ ሣጥን ሠሪው ቤት ነው አሉ» አለ። «ድምፃችንን እዚያው ገንዘው ሊቀብሩልን ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ጎመርም ሳቀ።

«ሻድራክ ቧንቧ ያስገባልናል፣ አይዟችሁ» አለ ሌላው። «እኔ ግን ቢራ የሚያወርድ ቧንቧ ካልሆነ አልመርጥም።»

ሳቁ ሲበርድ ኢድወል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ጎመር ጠጋ አለ። «እንዳትቀየመኝ ጎመር፤ ልቤ ከሻድራክ ጋር ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ልጆች አሉኝ። ደግሞ እሱ ሰው አያጣም፤ ግማሹ ኮረብታ የሱ ነው። የኔ አንዷ ብትጎድል አይታወቅም።»

«ምን አስቀየመኝ?» አለ ጎመር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የኢድወል ቃል በጆሮው ውስጥ ቀረ። አንዷ ብትጎድል አይታወቅም። ለመጥፎ ነገር የሚሆን ምክንያት ሲፈለግ ሩቅ አይኬድም፤ ከጎን ከተቀመጠው ሰው አፍ ይገኛል።

ቀትር ላይ ፊሽካው ተነፋና ሠራተኛው በየተራ ተለቀቀ። ካቦው አብሯቸው ወጣ። «ከትከሻችሁ በላይ አድርጋችሁ ያዙት፣ በረዶ እንዳያረጥበው» ይላል። በረዶ አይጥልም ነበር። ብጫው ወረቀት በየጣቱ ተንጠልጥሎ፣ ሰልፉ እንደ ቀብር ሰልፍ ዝም ብሎ ወደ ሬሳ ሣጥን ሠሪው ሱቅ ወረደ። የሱቁ መስኮት ተከፍቶ ከውስጥ አስመራጮቹ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል፤ መራጩ ከመንገዱ ላይ ስሙን ተናግሮ ወረቀቱን ያቀብላቸዋል፣ እነሱ ሳጥኑ ውስጥ ይከቱታል። ከመስኮቱ አጠገብ የፋብሪካው ጸሐፊ በርሜል ላይ ቆሞ እጅ እጅ ያያል።

ሻድራክ ከመንገዱ ማዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለምኖ አያውቅም፣ አሁንም አይለምንም። የሚያልፉት ሁሉ «እንደምን ዋልክ፣ ወንድም ሻድራክ» ይሉታል፤ እሱም በየስማቸው ይመልስላቸዋል። ሰውየው ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ለሁሉም እንዲሁ ያደርጋል። የጎመር ተራ ሲደርስም ተመለከተው፣ ራሱን በትንሹ ነቀነቀለት፣ ዞረ። ጎመር እግዚአብሔር ይስጠው አለ በልቡ፤ አያየኝም።

እጁ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ኪሱ ሄደ። ይህን መመስከር ይገባል፤ ሄዷል። ወረቀቷን በጣቶቹ ነካት።

«በረደህ እንዴ ጎመር?» አለ ጸሐፊው ከበርሜሉ ላይ።

እጁን ከኪሱ አወጣ። «ጎመር ፕሮሰር» ብሎ ስሙን ተናገረና ብጫውን አቀበለ፤ አስመራጩ ተቀብሎ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረው፣ «ቀጥል» አለ። ሰው የሞተች ልጁን ነገር የሚሸጥበት ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ከመስኮቱ ርቆ፣ ወደ ማዶም ሳያይ ጉዞውን ወደ ፋብሪካው ቀጠለ።

ከሰዓት በኋላ ሂግስ እቶኑ ድረስ መጣ። «ሰኞ አዲሱ ክፍል ትገባለህ» አለው፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር። ሌሎቹ ሰምተው ዘንጋቸውን ማዞር ቀጠሉ፤ ኢድወል ብቻ ትከሻውን መታ አደረገው። ጎመር ሊደሰት ሞከረ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ምን ልዩ ሰው ነኝ አለ። ደግሞም የሻድራክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሻድራክ ሽማግሌ የሆነበት የጸሎት ቤቱ ሰው አለ፤ ልጅ የቀበረው ሁሉ አለ፤ ከሌላው ፋብሪካ የሚወጡት አሉ። ሻድራክ ምናልባት ያሸንፋል፤ ቧንቧውም ይገባል፤ እኔም በሥራዬ እቆያለሁ፤ አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል? እንዲህ እያለ ቀኑን አስመሸው።

ሲመሽ ቆጠራው በዚያው ሱቅ ተጀመረ። ሰው በመስኮቱና በበሩ ተጨናንቆ፣ ከትኩስ የጥድ እንጨት ሽታ ጋር የእርጥብ ካፖርት ሽታ ተቀላቅሎ፣ የአስመራጮቹ አለቃ በፋኖስ ብርሃን እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ብጫ። ብጫ። ብጫ። መጀመሪያ ሰዉ ይቀልድ ነበር፤ ቆየት ብሎ ቀልዱ አለቀ። ጎመር ከኋላ፣ ከቆሙት ሣንቃዎች ጥግ ሆኖ ነጭ ጠበቀ። አንድ ነጭ ቢያይ ነፍሱ መለስ ትል ነበር። ሁሉም በየልቡ የሌላውን ሰው ነጭ ወረቀት እየጠበቀ እንደቆመ ከፊታቸው ማንበብ ይቻላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው፣ እያንዳንዱ ክር ሌላው ክር ይኖራል ብሎ ካልቀረ ነው።

ሳጥኑ ተገለበጠ። የአስመራጮቹ አለቃ ታችኛውን በእጁ ዳበሰና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዴንቢ፣ ሁሉንም። ሻድራክ ቤቫን፣ ምንም።»

ሻድራክ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ባርኔጣውን አደረገ፣ «ደህና እደሩ» አለ፣ ወጣ። ከዚያ አንዱ፣ «ራሱስ?» አለ። «ራሱን እንኳ አልመረጠም ማለት ነው!»

«ዴንቢ ስንት ኪሎ ሥጋ ሰጥቶት ይሆን?» አለ ሌላው፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የሳቁት በጣም ነው፤ ከልክ በላይ። ኢድወል እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ጎመር ግን አልሳቀም፤ እሱን የያዘው ከሳቅ የሚበልጥ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ደረቱ ላይ ተጭኖት የዋለው ድንጋይ ተነሳለት። ራሱ! ራሱ ሻድራክ! ለካስ እሱም ሰው ነው፤ ለካስ እሱም ፈርቷል፣ ወይም ተገዝቷል፣ ወይም ሰልችቶታል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። እግረ መንገዱን የይቅርታ ቃል ሁሉ አዘጋጀ፤ ይቅርታ ሊጠይቅ ሳይሆን ይቅርታ ሊያደርግ። ሁላችንም እንጀራ ፈላጊ ነን እለዋለሁ፣ አልፈርድብህም እለዋለሁ አለ። ከኦልወን ሞት ወዲህ እንዲህ ቀልሎት አያውቅም።

ቤት ሲገባ ወንድምና እህት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። የጥቅል ጎመንና የአሳማ ስብ ሾርባ ቀርቧል፤ ሦስት ሳህን፣ ሦስት ማንኪያ። ኔስታ ቀና ብላ አላየችውም። ጎመር ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ሾርባውን ቀመሰ። ያዘጋጀው የይቅርታ ቃል ሁሉ ጠፋበትና ሌላ ነገር ከአፉ ወጣ።

«እሺ፣ እኔ አጠፋሁ። አንተስ?»

ሻድራክ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እኔ ምን?»

«ምንም ነው የተባለው እኮ! አንድም አልተገኘም! እኔ ካቦው አንገቴን ይዞኝ ነው፤ አንተን ማን ያዘህ? የገዛ ስምህን የከዳኸው አንተ፣ እዚህ እኔን እንደ ይሁዳ...»

«ማንም ይሁዳ አላለህም።»

«ታዲያ ወረቀትህ የት ሄደች?»

«አልጨመርኩም» አለ ሻድራክ። የገረመው ይመስል ነበር። «የራሴን ስም? በገዛ እጄ?» አየት አደረገው። «ጎመር፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ሆኜ የተመረጥኩ ጊዜ እኮ ነበርክ። ለምርጫ የቀረበ ሰው ደጅ ይወጣል። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ፤ እጄን አነሳሁ? መጥተህ በሩን የከፈትክልኝ አንተ ነህ። ሁሉም እጁን አንስቷል፣ ግባ ብለህ የጠራኸኝ አንተ ነህ።»

ጎመር አስታወሰ። በዝናብ ውስጥ ባርኔጣውን ይዞ የቆመውን ሰው፣ ራሱ በሩን ሲከፍትለትና ሲስቅለት አስታወሰ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይረሳል? በአገራቸው ሰው ራሱን አያሞግስም፤ ስሙን ሌላ ሰው ያነሳለታል። ሻድራክ ከተማውን ሁሉ ጸሎት ቤት መስሎት ቀኑን ሙሉ ደጅ ቆሞ ዋለ፤ ሞኝነት ነው፤ ግን የነሱ ሞኝነት ነው፣ የጎመርም የራሱ ሞኝነት ነበር።

«እንደማልገባ አውቅ ነበር» አለ ሻድራክ ቀስ ብሎ። «ሰዉ ፈርቷል፤ አልፈርድበትም። ኔስታን ዛሬ ጠዋት አንድ እንኳ ትገኛለች ብያት ነበር። አንድ ከተገኘች ይበቃል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሷ ላይ ይጨመራል አልኳት።»

ያን ጊዜ ኔስታ ቀና አለች። አላለቀሰችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

«እዚያ መስኮት ስሜን የሚቀበለኝ የለም፣ ጎመር። ሴት ነኝ። እዚያ የነበረኝ እጅ ያንተ ነበር።»

ጎመር የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ እሱንም እንደ መከላከያ አወጣው። «ሰኞ አዲሱ ክፍል ግባ ብለውኛል» አለ። «ቤቱን አንለቅም። ለዚህ ነው እኮ... ለዚህ ነው።»

ሻድራክ በጠረጴዛው ላይ እጁን ዘረጋና የጎመርን እጅ ጨበጠ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። «ከልቤ ነው። እዚያ ጋኑ ሲያዘነብል ከፊቱ አትቁም፤ ፍንጣሪ አለው ይላሉ።» ከልቡም ነበር፤ በፊቱ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። ቢሰድበው፣ ቢተፋበት፣ ጎመር ይመልስ ነበር። ሻድራክ ተነስቶ ካፖርቱን አወለቀ፣ ከምድጃው ጀርባ ሰቀለው፣ ጫማውን ፈታ። ነገ የሚጠግነው የሰው ጫማ አለበት።

ኔስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች። የወንድሟን አጠበች፤ የራሷን አጠበች፤ በጨርቅ አድርቃ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ከዚያ እጇን ጠርጋ፣ ፋኖሱን አንስታ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች። የጎመር ሳህን ከፊቱ፣ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ።